በቅሎዋን ልሽጣት ወይስ ልጠብቅ?

መቼም «ሁሉም ለበጎ ነው» የምትለዋን አነጋገር ያልሰማ ጆሮ በአገራችን አይገኝም። ልጅ ፈተና ወደቀ፣ ለበጎ ነው! እጮኛ ጥሎ ኮበለለ፣ ለበጎ ነው፣ እንኳን ሳያገባሽ ሄደልሽ! ከብት ሞተ፣ ሱቅ ተዘረፈ፣ አሁንም ለበጎ ነው! ተናጋሪው ቃሉን ጣል አድርጎ ቡናውን ፉት ይላል። የተጎዳው ግን ማታ ጣራ ጣራውን እያየ «እኮ በጎው የታለ?» ሲል ያድራል። ዛሬ በዚህ አምድ ላነሳው የወደድኩት ይኸንኑ ጥያቄ ነው። ያስነሳኝ ደግሞ ከወደ ደባርቅ የደረሰኝ አንድ ደብዳቤ ነው።

ጸሐፊዋ የሃያ ዓመት ወጣት ነች። ስሟን ከነአባቷ አስፍራለች፤ እንደ አምዳችን ልማድ ግን አናወጣውም። ደባርቅ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ስለሆነች ቤቱን ሊያስለዩ የሚችሉ አንዳንድ ነገሮችንም ሆነ ብዬ ቆርጫቸዋለሁ። ቃሏ እንዲህ ይላል፦

«እህቴ ሆይ፣ አባቴ ባለበቅሎ ነው። የቱሪስት ጓዝ ጭኖ ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭ፣ ወደ ጨነቅ እየተመላለሰ ነው አራታችንን ያሳደገን። ዛሬ ቱሪስቱ የለም ማለት ይቻላል። ከነበሩን ሦስት በቅሎዎች የቀረችው አንዷ ናት። እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቱንም ጊዜ ሃምሳ ከመቶ አልሞላልኝም። ለአቅም ማሻሻያው እንኳ ትንሽ ጎደለኝ። አሁን አባቴ በቅሎዋን ሸጦ ጎንደር የግል ኮሌጅ ሊያስገባኝ ቆርጦ ተነስቷል። እናቴ ታለቅሳለች። በቅሎዋ ከተሸጠች ነገ ቱሪስት ቢመጣ አባቴ በምን ይሠራል? እኔስ እዚያ ሄጄ ደግሞ ብወድቅ በምን ዓይኔ ነው የማየው? ጎረቤት ሁሉ ለበጎ ነው ይለኛል። እኔን በጎው አልታይ አለኝ። ሌሊት ሌሊት በቅሎዋ ስታኝክ እሰማለሁ፣ እንቅልፍ የለኝም። እባክሽ አንድ ነገር በይኝ።»

እኔም ብሆን ትምህርቴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አልዘለለም። ስለዚህ እንደ ሥነ ልቦና ሊቅ ተኮፍሼ «አንደኛ እንዲህ፣ ሁለተኛ እንዲያ» ልላት አልደፈርኩም። መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ለዘመድ ጥየቃ ዳባት የሚያስኬድ ጉዳይ ገጠመኝ። ከዳባት ደባርቅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያው ዘልቄ፣ በልጅቷ ፈቃድ፣ አባትየውን አነጋገርኳቸው።

ስድሳን የተጠጉ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ የደጋ ሰው ናቸው። ሲናገሩ ዓይናቸው ከሰው ላይ አይነሳም።

«ጋሼ፣ በቅሎዋን ሊሸጡ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ልጅ ይቀድማል ወይስ ከብት?»

«ቱሪስት ቢመለስስ?»

«ሲመለስማ እግሬ አለ! በጀርባዬ እሸከመዋለሁ» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ግን አልረዘመም።

«ቆጥሬዋለሁ»

ሰውየው የሚያወጉት የራሳቸውን ታሪክ ይምሰል እንጂ የከተማው ሁሉ ታሪክ ነው። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ነች። ጎብኚው የሚመዘገበው፣ አስጎብኚና መሣሪያ የታጠቀ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና ባለበቅሎ የሚይዘው እዚሁ ነው። ባለበቅሎዎቹ በመዝገብ ተራ ይይዛሉ፤ ተራው የደረሰው ይጭናል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወራት ተራው ቶሎ ቶሎ ይዞር ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሁሉም ወደ ገብሱ ይመለሳል። ይህን የለመደ ቤት ታዲያ ምን ምን እንደደረሰበት ስሙልኝ።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ተራራው ነደደ። በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር ጓሳና አስታ አመድ ሆነ። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ድረስ ቅጠል ይዞ እሳቱን ሲደበድብ የሰነበተው የአካባቢው ሰው ነበር። የእኛም ሰው ከወጡት አንዱ ናቸው። «ቅንድቤ ያኔ የሄደ እስካሁን አልተመለሰም» ብለው አሳዩኝ፤ እውነትም ሳሳ ብሏል።

ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይዞር፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ገባ። ፈረንጁ ከነሻንጣው ጠፋ! በዚያ ክረምት የመጀመሪያዋ በቅሎ ተሸጠች። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ውጊያው ሊማሊሞን ተሻግሮ ሊመጣ ነው ተባለ። ሰዉ ልጁን አዝሎ፣ የተንቀሳቀሰውን ከብት እየነዳ ወደ ጎንደር አቅጣጫ ወረደ። ሁለተኛዋ በቅሎ በዚያ ግርግር ጠፍታ ቀረች። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ሰውየው «በቃ፣ አለፈ!» ብለው ኮርቻቸውን አሰፉ። እንግዶችም ብቅ ብቅ ማለት ጀምረው ነበር። ሐምሌ 2015 ሲደርስ ግን በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የተራው መዝገብ እንደገና ተዘጋ።

«ቆጥሬዋለሁ» አሉኝ በጣታቸው እያሳዩ። «እሳት፣ በሽታ፣ ጦርነት፣ ደግሞ ጦርነት። አራት ጊዜ ተነሳሁ። አምስተኛውን ልጄ ትነሳልኝ ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ እስቲ «ለበጎ ነው» በሉ! እኔ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ለዳባቷ ጭናም ማሰብ ግድ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በጭና ተክለሃይማኖት አካባቢ ከመቶ በላይ ሲቪሎች መገደላቸው በወቅቱ በስፋት ተዘግቧል። ዳባት ውስጥ ጥቁር ያላወለቁ እናት ዛሬም ገበያ ላይ ይታያሉ። ለእሳቸው «ለበጎ ነው» የሚል ሰው ካለ አፉን በጭራሮ ልንለው ይገባል። የማይመለስ ነገር ሲሄድ ኀዘን ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ከዚህ ጉዞ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በነዚያ ኮረብታዎች ስር ያለው ሰው እርስ በርሱ «ለበጎ ነው» ሲባባል ብዙም አልሰማሁም። የሚለው «ያልፋል» ነው። ሁለቱ ቃላት ደግሞ አንድ አይደሉም። «ለበጎ ነው» ያለ ሰው ጉዳቱን ራሱን ጥቅም ያደርገዋል፤ የወደቀብህ ዛፍ ሊያድንህ ነው የወደቀው ይልሃል። «ያልፋል» ያለ ግን ስለ ጉዳቱ አይዋሽም። ክፉ ነው ይላል፣ ግን እንደ ክረምት ጊዜ አለው ይላል። ክረምት የሚያልፈው ደግሞ ለጠበቀው ሁሉ ነው፣ ማገዶ ላልሰበሰበው ግን ሳያልፍ ሊያልፈው ይችላል።

የውቤ ቤተ ክርስቲያን

ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ፣ በጃናሞራ፣ ደረስጌ ማርያም አለች። ያሠሯት ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም ናቸው። ያሠሯትም ለሌላ ሳይሆን ነገ ነግሬ ዘውድ ልጫንባት ብለው ነው ይባላል። በዚያ ዘመን በቋራ በኩል ካሳ ኃይሉ የሚባል ሽፍታ ነበር። በ1840 ዓ.ም. በምዕራቡ ድንበር ደባርቂ ላይ (ከኛ ደባርቅ ጋር እንዳታምታቱት!) ከግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ ተሸነፈ፣ ቆሰለ። ቁስሉን የሚያክመው ሰው ላም ቢጠይቅ፣ የሚስቱ አያት እቴጌ መነን ላም ሳይሆን አንድ ብልት ሥጋ ላኩለት ይባላል። ውርደቱን አስቡት! ካሳ ከዚያ ተመልሶ አንድ በአንድ ተነሳ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርጎ ማረካቸው፤ በቀናት ውስጥም በዚያችው ውቤ ለራሳቸው ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተባለ።

ይህ ታሪክ ለልጆች የሚነገረው «አያችሁ፣ የወደቀ ይነሳል» ለማለት ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የምታሳዝነኝ የውቤ ነገር ናት። ውቤስ አልጸኑም? ድንጋይ በድንጋይ ላይ አስደርበው፣ ሥዕሉን አስለው፣ ዘውዱን አሰናድተው ስንት ዓመት ጠበቁ! ነገር ሰመረ፣ ግን ለሌላ ሰው ሰመረ። ስለዚህ «በርቱ፣ ይሳካል» የሚሉ ሰዎች የውቤን ወንበር ሳያዩ ነው የሚናገሩት። መጽናት ያለ ጥርጥር ዘውድ አያመጣም። ያለ መጽናት ግን ካሳም ከቁስሉ ጋር ቋራ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ያስቸግራል፤ ያም ሆኖ መያዝ አለብን።

ተራራው ራሱ ሌላ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የሰሜን ተራሮችና ላሊበላ በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በኅዳር 1989 ዓ.ም. ግን ፓርኩ «በአደጋ ላይ ያሉ» የሚለው መዝገብ ውስጥ ገባ። ዋልያው ቁጥሩ ተመናምኖ፣ እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ ተስፋፍቶ፣ መንገድ መሐሉን አቋርጦት ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው በሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመት አለፈ! እንዴት ወጣ? ጠባቂ ብቻ ቆሞ አይደለም። ክልሉ እንዲሰፋ ተደረገ፣ መንገዱ አቅጣጫ እንዲቀይር ታቀደ፣ ግጦሹ እንዲቀንስ ተሠራ፤ ትልቁ ነገር ግን የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ በ2008 ዓ.ም. አገራቸውን ለቀው ደባርቅ መስፈራቸው ነው። ተራራው ዳነ ስንል የከፈለ ሰው እንዳለ አንርሳ። ዛሬ ደባርቅ ከተማ ውስጥ ገብሱን በገንዘብ የሚገዛ የግጭ ሽማግሌ ታገኛላችሁ፤ ድሮ ገብስ ሻጩ እሱ ነበር። ዋልያውም ቢሆን ነገሩ አላለቀለትም፤ በቅርብ ዓመታት ቁጥሩ መልሶ ማሽቆልቆሉ ተነግሯል።

ዋልያ ካልኩ አይቀር ስሙን የወሰዱትን የኳስ ልጆቻችንን ላንሳ። ለአፍሪካ ዋንጫ ከበቁ 31 ዓመት አልፎ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ማጣሪያ በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፈው ሲመለሱ «አበቃ» ያላለ አልነበረም። ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ከሜዳቸው ውጪ ያገቧቸው ሦስት ጎሎች አሳለፏቸው። አስተውሉ፣ ያዳኗቸው በተሸነፉበት ቀን ያገቧቸው ጎሎች ናቸው! ወድቄያለሁ ብለሽ የጣልሽው የፈተና ወረቀት ላይ ምን ምን እንዳገኘሽ ተመልክተሻል ወይ፣ እህቴ? የትኛው ትምህርት ነው የጎተተሽ? ደብዳቤሽ ላይ አልነገርሽኝም፤ ስጠይቅሽም ቶሎ አልመለስሽልኝም።

ዘጠና ምናምኑ ሲወድቅ

የፈተናውን ነገር በቁጥር እንየው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ 900 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ሃምሳ ከመቶ ያመጡት 3.3 ከመቶው ብቻ፣ ሠላሳ ሺህ የማይሞሉ ናቸው። የ2015ቱ 3.2 ከመቶ፣ የ2016ቱ 5.4 ከመቶ፣ የ2017ቱ 8.4 ከመቶ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ምናምኑ የሚወድቅበት ፈተና የአንዲት ልጅ ስንፍና ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በአማራ ክልል ደግሞ በግጭቱ ሳቢያ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ደብዳቤ የጻፈችልኝ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የተማረችው እየተቋረጠ ነው፤ አንድ የሂሳብ ምዕራፍ ሳይነካ ዓመቱ አልቋል።

ይህን ስል ግን ምክንያት ላበጅላት አይደለም። ቁጥሩ ኀፍረቷን ያቀልላት እንጂ ፈተናውን አያልፍላትም። ደባርቅ ውስጥ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አለ። በአባቷ ዘመን ለዚህ ቢያንስ ጎንደር መውረድ ነበረባቸው፤ እሷ ከቤቷ ደጃፍ ላይ ሆና የግቢውን ተማሪ ሲወጣና ሲገባ ታያለች። «ይሄ ነው የሚያመኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የራቀ ነገር እንዲህ አያምም።

እንግዲህ ወደ በቅሎዋ ልመለስ። አባትየውን «ኮሌጁ ምን ብሎ ነው የሚቀበላት?» ስላቸው አላወቁም። አንድ የሚያውቁት ልጅ «ግድ የለም፣ ገንዘብ ይዘው ይምጡ» ብሏቸዋል። ወላጆች ሆይ፣ እዚህ ጋ ቆም በሉ! ሃምሳ ከመቶ ያላመጣና የአቅም ማሻሻያውን ያላለፈ ተማሪ የዲግሪ ትምህርት ቢማር ማስረጃው ኋላ ጣጣ ሊያመጣበት ይችላል። የሙያ ደረጃ ትምህርት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ያስኬዳል፤ ግን ለዚያ ጎንደር ቤት ኪራይ እየከፈሉ በቅሎ መሸጥ ያስፈልጋል ወይ? በቅሎ ስትሸጥ ደግሞ እንደ ላም አይደለም፤ ጥጃ ትተካልኛለች አትልም። በቅሎ አትወልድም። ያለችው ያቺው ናት።

ይህን ሁሉ ሳወራ «እንግዲያው ጠብቁ፣ አትሽጡ» ልል ይመስላችኋል። ቆዩ። እዚያው ደባርቅ ሌላ ሰው አገኘሁ። እሱም የቀድሞ ባለበቅሎ ነው። ኮሮና በገባ በሁለተኛው ወር ሦስቱንም በቅሎዎቹን ሸጠ። ጓደኞቹ «ተስፋ ቆረጠ፣ ፈሪ» ብለው አሙት። በገንዘቡ ገብስና ባቄላ እየገዛ ጎንደር መሸጥ ጀመረ። ከስሮም ያውቃል፤ መንገድ ሲዘጋ እህሉ ነቅዞበታል። ዛሬ ግን ሁለት ክፍል ቤት ሠርቷል፣ ያኔ ያሙት ጓደኞቹም ከሱ ይበደራሉ። «እነሱ በቅሎ ጠበቁ፣ እኔ ልጆቼን ጠበቅኩ» አለኝ። ታዲያ ማን ነው የጸናው? እኔ ሁለቱም ናቸው እላለሁ። ጽናት ማለት አንዱን ገመድ እስክትሞት መጎተት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። «በቅሎ ገመድ በጠሰች ቢሉ በራሷ ላይ አሳጠረች» ይባል የለ!

ስለዚህ ጥያቄው «ልጠብቅ ወይስ ልተው» አይደለም። የያዝከው ነገር እስኪያልፍልህ ድረስ ራሱን ይችላል ወይስ አንተን ይበላል? ይሄ ነው መለኪያው። ራሱን የሚችል ከሆነ ጠብቀው። የሚበላህ ከሆነ ግን ቀን ቁረጥለት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሽጠው፣ አትልቀስበትም።

መልሱን ያገኘሁት ደግሞ ካልጠበቅኩት ሰው ነው። አባትና ልጅ ሲከራከሩ እናትየው ጥግ ላይ ቆሎ እየቆሉ ነበር። ጠላ ጠምቀው የሚሸጡት፣ የቤቱን ወጪ የያዙት እሳቸው ናቸው። ዞር ብዬ «እማማ፣ በቅሎዋ አሁን ምን ታስገባለች?» አልኳቸው። ቆሎውን ማገላበጥ አቆሙ።

«በገበያ ቀን ከገጠር እህል ታመጣለች። አንዳንዴ ሁለት ጭነት፣ አንዳንዴ ሦስት። ጭዷን ችላ ለቡናና ለሳሙና ትተርፋለች። በክረምት ትጎዳኛለች፣ በበጋ ትክሰኛለች።»

አባትየው በመገረም አዩዋቸው። «ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ እናትየው።

ለካ የሚያለቅሱት ለበቅሎዋ ብለው ብቻ አልነበረም! ሒሳቡን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ሆነው ሳለ ማንም ስላልጠየቃቸው ነው። ስንት ቤት ነው እንዲህ የሚፈርሰው! ወንዱ በቁጭት ይወስናል፣ ልጁ በኀፍረት ዝም ይላል፣ ሒሳቡ ጓዳ ተቀምጦ ይቀራል። አንባቢዎቼ፣ ትልቅ ነገር ልትሸጡ ስትነሱ በቤታችሁ ውስጥ ሳንቲሙን የሚቆጥረው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሌላ ሆነ። እናትየው ዕቁብ አላቸው፤ ዕጣው ገና አልወጣላቸውም። አባትየው በቅሎዋን እስከሚቀጥለው ጥምቀት ላለመሸጥ ተስማሙ። እስከዚያ ልጅቷ እዚያው ደባርቅ የሙያ ትምህርት እንድትጀምር፣ በጎን ደግሞ በግል ተፈታኝነት እንድትዘጋጅ ተባለ። ጥምቀት ላይ ነገሩ ካልተቃና በቅሎዋ ትሄዳለች፤ ይህን ሁሉም ሰምቷል። አባትየው ደስ አላላቸውም። «ልጄ ቤት እንድትቀር ነው የፈረድሽባት» አሉኝ በግልጽ። ምናልባት እሳቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይሄ በጥምቀት ይታያል። የሳቸውን ጉጉት ግን ከልቤ አከበርኩት። አራት ጊዜ የተነሳ ሰው አምስተኛውን ለልጁ ሲሰጥ ማየት ቀላል አይደለም።

የተራው መዝገብ ላይ ስማቸው እንዳለ ነው። ባለፈው በጋ ተራቸው የደረሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ወጥተዋል። ከተሰፋ ወዲህ ብዙም ያልተጫነውን ኮርቻ በየሳምንቱ ቅቤ እየቀቡ ያስቀምጡታል። «ቆዳ ከደረቀ አይመለስም» ይላሉ።

አንቺ ደግሞ እህቴ፣ ሦስተኛ ጊዜ ብወድቅስ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፤ ልትወድቂ ትችያለሽ። ማንም አይሆንም ብሎ ቃል ሊገባልሽ አይችልም፣ እኔም አልገባልሽም። በዚያን ቀን ግን የሙያ ትምህርት ላይ ያለች፣ በቅሎዋ ያልተሸጠችባት ልጅ ሆነሽ ነው የምትወድቂው፤ ይሄ ካለፉት ሁለት ጊዜያት የተለየ ነው። ሂሳብ እንደጎተተሽ በመጨረሻ ነግረሽኛል፣ እንግዲያው ከሂሳብ ጀምሪ። ያልተማርሽው ምዕራፍ ከየትኛው ክፍል እንደሚጀምር እይ፤ አሥራ ሁለተኛን ትተሽ ወደ ዘጠነኛ ተመለሽ ቢልሽ እንኳ አትፈሪ። ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በከፊል በኮምፒዩተር ስለሚሰጥ፣ ጣትሽ ማውሱን እንዲለምድ የሙያ ትምህርት ቤቱን ኮምፒዩተር ተጠቀሚ። የግል ተፈታኞች ምዝገባ ሲወጣ ቀኑ አጭር ነው፤ መንገድና ኔትወርክ በሚቋረጥበት አገር ደግሞ የመጨረሻውን ቀን መጠበቅ አያዋጣም። የድሮ መፈተኛ ካርድሽንና ትራንስክሪፕትሽን አሁኑኑ ሁለት ሁለት ቅጂ አስነሺና አንዱን ጎንደር ዘመድ ዘንድ አስቀምጪ።